የእርግዝና ስኳር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ስኳር ተገኝቶብሻል» የተባለች ነፍሰ ጡር ወዲያው የምትይዘው የበላችውን መቁጠር ነው፤ የትናንቱን ኬክ፣ የጠዋቱን ጣፋጭ ሻይ። ራስን መውቀስ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሌሎቹንም የሚወልዳቸው እሱ ይመስለኛል። የእርግዝና ስኳር ሥሩ ያለው እንግዴ ልጁ ጋ ነው። ለጽንሱ በቂ ምግብ እንዲደርስ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ሰውነት ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች ለሚያስገባው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ እንዳይታዘዝ ያደርጉታል። ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመረተ ሊያካክስ ይሞክራል፤ ሲያቅተው ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገውም ይህ ጫና በዚያ ወቅት ስለሚበረታ ነው። ክብደትና የቤተሰብ ታሪክ አደጋውን ይጨምራሉ፤ ያለ እነዚህም የሚያዙ ግን አሉ።

ከወቀሳው ቀጥሎ ራስን ማስራብ ይመጣል። ዳቦው፣ ሩዙ፣ ድንቹ ሁሉ ከገበታ ይነሳል፤ የደም ስኳር ቁጥሩም ያምራል። ግን ሰውነት ስኳር ሲያጣ ስብ ማቃጠል ይጀምርና ስብ ሲቃጠል የሚፈጠረው ኪቶን የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛል፤ ይህ ደግሞ ለጽንሱ አይመከርም። ነፍሰ ጡር በቀን ቢያንስ 175 ግራም ካርቦሃይድሬት እንድታገኝ የሚመከረው በከንቱ አይደለም። ቁም ነገሩ አከፋፈሉ ላይ ነው፦ ሦስት መጠነኛ ምግቦች፣ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ቀለል ያሉ መክሰሶች። ጠዋት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። በማለዳ ከፍ የሚሉ ሆርሞኖች ስላሉ፣ በምሳ ሰዓት ምንም ያላደረገ ቁራሽ ዳቦ በቁርስ ሰዓት ስኳሩን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ስለዚህ ቁርስ ላይ ዳቦውን ቀንሶ እንቁላል ማብዛት ይረዳል። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በእግር መሄድም እንዲሁ። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚባለው የፍራፍሬ ጭማቂስ? የብዙ ፍሬ ስኳር በአንድ ብርጭቆ፣ ያውም ያለ አሰር። ፍሬውን ራሱን ይብሉት።

የአለካክ ስህተት ጥቃቅን ይመስላል፤ ሕክምናው የሚወሰነው ግን በእሱ ነው። በብዛት የሚሰጠው ግብ በባዶ ሆድ ከ95 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች፣ ከምግብ በኋላ በ1 ሰዓት ከ140 በታች፣ በ2 ሰዓት ደግሞ ከ120 በታች ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ ነው እንጂ ከገበታ ከተነሱበት አይደለም። ብርቱካን ልጠው ጣትዎን ቢወጉ ማሽኑ የብርቱካኑንም ስኳር ያነባል፤ እጅዎን በውኃና በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ከሁሉ የከፋው ግን ያማረውን ቁጥር ብቻ መመዝገብ ነው። ሐኪሙ «ደህና ነሽ» ብሎ ይሸኛል፤ ጽንሱ ግን ያልተመዘገበውንም ስኳር ይቀበላል።

ኢንሱሊን ሲታዘዝ «ልጄን ይጎዳብኛል» ብሎ መሸሽ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመርፌ የሚወሰደው ኢንሱሊን እንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ አይደርስም ለማለት ይቻላል፤ ስኳሩ ግን በነፃነት ያልፋል። ጽንሱም ያንን ለመቋቋም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርታል፣ ይገዝፋል፣ ትከሻው ይሰፋና ምጡ ይከብዳል። እትብቱ ሲቆረጥ ከእናት የሚመጣው ስኳር ይቋረጣል፤ ኢንሱሊኑ ግን ገና ብዙ ስለሆነ የሕፃኑ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። የታዘዘልዎ የኢንሱሊን መጠን በየሳምንቱ ቢጨምርም አይደንግጡ፤ እርግዝናው ሲገፋ ጫናውም ያድጋል። በባዶ ሆድ የሚለካው ከፍ ካለም እራት መዝለል መፍትሔ አይሆንም፤ ሌሊት ስኳር የሚለቀው ጉበት ነው። ኢንሱሊን ወስደው ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ግን 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ወስደው ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ያ የተከለከለው ጭማቂ መድኃኒት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ከወሊድ በኋላ ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል፤ ማሽኑም መሳቢያ ውስጥ ይረሳል። ሆኖም የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ኋላ ዓይነት ሁለት ስኳር የሚይዛት ዕድል ካልነበረባት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከወለዱ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ የሚደረገው ምርመራ ሊቀር አይገባም፤ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመት ይደገማል። አራስ ስለ ራሷ ቀጠሮ ማሰብ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ከሕፃኑ የክትባት ቀን ጋር አንድ ላይ ያስይዙት።