የጋራዥ ጋዝ ሂተር ጭስን በጣሪያ ማውጣት፣ በሚኒሶታ ብርድ

እዚህ ሚኒያፖሊስ አካባቢ ጥር ላይ ጋራዥ ውስጥ መኪና ለመሥራት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ብረቱ ጣት ላይ ይጣበቃል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ብሎኑን ይያዙት አይያዙት አይታወቅም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ኮርኒስ ላይ የሚንጠለጠለውን የጋዝ ሂተር እንገዛለን። ሂተሩን መስቀል ከባድ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ጭስ ማውጫው ላይ ነው።

እኔ ቤቱን ስገዛ ሂተሩ ተሰቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት ላይ አንድ ቀን ጠዋት የመኪናዬ መስታወት ላይ ቡናማ ጠብታ አየሁ። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ መሰላል አምጥቼ አቲክ ውስጥ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መሀል ያለው ባዶ ቦታ ውስጥ ወጣሁ። ጣሪያው ደረቅ ነው። ቱቦው ግን ስስ፣ ባለ አንድ ንብርብር ቆርቆሮ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ዝገቱ እንደ እንባ ወርዷል፣ ከሥሩ ያለው ኢንሱሌሽን (ብርድ መከላከያው) ረጥቧል፣ በጣቴ ስነካው ደግሞ ቆርቆሮው እንደ ደረቅ እንጀራ ተፈረፈረ። ያ ቱቦ ከመኝታ ቤታችን ግድግዳ ማዶ ነበር።

ውሃው የመጣው ከራሱ ከጋዙ ነው። ጋዝ ሲነድ ብዙ የውሃ እንፋሎት ያወጣል። ቱቦው ሞቆ ከቆየ እንፋሎቱ እንፋሎት እንደሆነ ውጭ ይወጣል። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ አቲኩም ያንኑ ያህል ሲቀዘቅዝ፣ የስሱ ቱቦ ግድግዳ ይበርድና እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ወደ ኋላ ይፈስሳል። ይህ ውሃ ደግሞ አሲድነት ስላለው ብረቱን ይበላዋል። ብረቱ ሲበሳ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ይገባል። አገር ቤት «ከሰል አፈናቸው» ሲባል ሰምተን ያደግነው ይኸው ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። ከሰሉን ቢያንስ ዓይናችን ያየዋል፤ አቲክ ውስጥ የተበሳ ቱቦ ግን ማንም አያየውም።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ ጭሱ ከሂተሩ እስከ ሰማይ ሳይበርድ እንዲደርስ።

መጀመሪያ ማኑዋሉን አንብቡ። ብዙዎቹ የጋራዥ ሂተሮች በሁለት መንገድ ይገጠማሉ። ቀጥ ብሎ በጣሪያ ከወጣ ካታጎሪ 1 ይባላል፤ በግድግዳ አግድም ከወጣ ካታጎሪ 3። ቱቦዎቹ አንድ አይደሉም። በጣሪያ ሲሆን የሚያስፈልገው ቢ-ቬንት የሚባለው ባለ ሁለት ንብርብር ቱቦ ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ውጩ ዝገት የማይበላው የተለበጠ ብረት፣ መሀሉ አየር። ያቺ አየር ናት የውስጡ ቱቦ እንዳይበርድ የምትጠብቀው። በግድግዳ ሲሆን ጭሱ በግፊት ነው የሚወጣው፤ ቢ-ቬንት መጋጠሚያው ግፊት ስለማይችል ለዚያ አይሆንም። የልብስ ማድረቂያ ቱቦማ በጭራሽ አይታሰብም። ሂተራችሁ በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም።

ከዚያ ከተማው ቢሮ ሄዳችሁ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ) አውጡ። ብዙ ሰው «ለራሴ ጋራዥ ምን ፐርሚት ያስፈልጋል» ይላል። ኢንስፔክተር መጥቶ ሲያየው ግን የእናንተ ዓይን ያለፈውን ያያል፣ ኢንሹራንሱም ነገ ጥያቄ አያነሳም። የጋዝ መስመሩን ደግሞ ፈቃድ ላለው ቧንቧ ሠራተኛ ስጡት። እኔም እሱን አልነካሁም።

ቦታ ስትመርጡ ከሂተሩ ተነስቶ ወደ ላይ በተቻለ መጠን ቀጥ የሚል መንገድ ፈልጉ። አግድም መሄድ ግድ ከሆነ አሳጥሩት፣ በየአንድ ጫማው ሩብ ኢንች ወደ ላይ እየወጣ ይሂድ። ውሃ ልክ ይዛችሁ ለኩት፣ በዓይን አትገምቱ። ቱቦው ወደ ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ከታች ክዳን ያለው ቲ (እንደ T ፊደል ያለ መጋጠሚያ) ግጠሙ፤ ምናልባት ጠብታ ከመጣ እዚያ ይጠራቀማል እንጂ ሂተሩ ውስጥ አይገባም።

ቀዳዳው ላይ ረጋ በሉ። ኮርኒሱ ላይ መሀሉን ምልክት አድርጉ፣ ከጣሪያው ሥር ሆናችሁ ቱንቢ ጣሉ፣ ሁለቱ ነጥቦች እስኪገጥሙ አስተካክሉ። በምንም ምክንያት የጣሪያውን ተሸካሚ እንጨት እንዳትቆርጡ። እንጨት ከመጣ ቦታውን ቀይሩ። ቢ-ቬንት ከሚቃጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ 1 ኢንች መራቅ አለበት፣ በዙሪያው። እንጨት፣ የወረቀት ሽፋን ያለው ኢንሱሌሽን፣ ሁሉም። ኮርኒሱ ላይ ፋየርስቶፕ የሚባለውን ቆርቆሮ ምቱ፤ ቱቦውን ይይዛል፣ እሳት ቢነሳም ከጋራዥ ወደ አቲክ እንዳይወጣ ቀዳዳውን ይዘጋል። አቲክ ውስጥ ኢንሱሌሽኑ ቱቦው ላይ እንዳይደረመስ መከለያ አድርጉለት።

ቱቦዎቹን ስታያይዙ ላያቸው ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ ያሳይ። አንዱን ኩባንያ ከሌላው ጋር አትቀላቅሉ፣ መቆለፊያቸው አይገጥምም። ብሎን ካስፈለገ አጭር ይሁን፤ የውስጡን ንብርብር መብሳት የለበትም።

አሁን ጣሪያው። ብርዱ ውስጥ ትልቁ ችግር እዚህ ነው። ሺንግል፣ ማለትም የጣሪያው ልባስ፣ ሲበርድ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ፍላሺንጉን (ቱቦው ጣሪያውን በሚያልፍበት ቦታ ውሃ እንዳይገባ የሚከልለውን ቆርቆሮ) ከሥሩ ለማስገባት ስታነሱት ይሰነጠቃል፣ ሥሩ ያለው ሙጫም በብርድ አይይዝም። ከተቻለ ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በላይ የሚሆንበትን ፀሐያማ ቀን ጠብቁ። ጥርም ላይ ቢሆን እንዲህ ያለ ቀን አልፎ አልፎ ይመጣል። የውስጡን ሥራ ሁሉ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ጣሪያውን መጨረሻ ብቻ ብሱ፣ የከፈታችሁትን ቀዳዳ በዚያው ቀን ዝጉ። ማሸጊያውን ጠዋት ቤት ውስጥ አሙቁት፤ የቀዘቀዘ ማሸጊያ ከቱቦው አይወጣም፣ ቢወጣም አይጣበቅም። ያነሳችሁትን ሺንግል በእጅ ሙጫ እየቀባችሁ መልሱት፣ ፀሐይ እስክታጣብቀው አትጠብቁ። ጣሪያው ላይ በረዶ ካለ ደግሞ አትውጡ። ገመድና የሚይዛችሁ ሰው ከሌለም አትውጡ። ለዚህ ክፍል ጣሪያ ሠራተኛ መቅጠር አያስቆጭም።

ፍላሺንጉ ላይ አንድ ሕግ ነው ያለው፦ የላይኛው ጠርዝ ከሺንግሉ ሥር፣ የታችኛው ከሺንግሉ ላይ። አገር ቤት ቆርቆሮ ሲመታ ያየ ሰው አይሳሳተውም፣ ላይኛው ታችኛውን ይደርባል። ከፍላሺንጉ በላይ ቱቦው ላይ ስቶርም ኮላር የሚባለውን ቀለበት አጥብቁ፣ ዙሪያውን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ሙሉት።

ቁመቱስ? ዳገቱ 6/12 (በየ12 ኢንቹ 6 ኢንች የሚወጣ) እና ከዚያ በታች ለሆነ ጣሪያ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳም ቢያንስ 8 ጫማ ከራቀ፣ የቱቦው ጫፍ ላይ የሚደፋው ኮፍያ ከጣሪያው ቢያንስ 1 ጫማ ከፍ ይበል ይላል ሕጉ። ከሂተሩ መውጫ ሲለካ ደግሞ ቢያንስ 5 ጫማ ቁመት ይኑረው። እኔ ግን እዚህ አገር 1 ጫማ አያረካኝም። አንድ ሌሊት የሚጥለው በረዶ ከነፋስ ጋር ሲከመር ያንን ይውጠዋል። ማኑዋሉ እስከፈቀደ ድረስ ከፍ አድርጉት፣ ረጅም ከሆነም በብረት ደግፉት። ኮፍያውም የቱቦው ኩባንያ የሠራው ይሁን።

ሂተሩን ስትለኩሱ አጠገቡ ቁሙ። ግማሽ ሰዓት ይንደድ። ቱቦውን በዓይን ተከተሉት፣ መጋጠሚያው አጠገብ እርጥበት ካለ አጥፉና መልሳችሁ ግጠሙት። ሂተሩ ከመሬት ያለውን ርቀትም አትርሱ፤ ጋራዥ ውስጥ እሳት የሚለኮስበት ክፍል ቢያንስ 18 ኢንች ከፍ ማለት አለበት፣ የቤንዚን ተን ወለል ላይ ስለሚተኛ። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለው ይህ አያሳስበውም፣ መሬት ላይ የሚቆመውን የገዛ ግን ይጠንቀቅ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የግድ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ ይሁን ይላል። ከጋራዡ ወደ ቤት የሚያስገባው በር አጠገብም፣ በቤቱ በኩል፣ ሌላ አንድ ጨምሩ። ጋራዡ ውስጥ አትስቀሉት፤ አብዛኞቹ ከ4 ዲግሪ በታች ለሚወርድ ቦታ አልተሠሩም። ከጮኸ፣ ወይም ቤት ውስጥ ያላችሁት ሁላችሁም ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ መስኮት በመክፈት ጊዜ አታባክኑ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

ትልቅ በረዶ ከጣለ በኋላ መሬት ላይ ቆማችሁ ኮፍያውን እዩት። ሂተሩ እየተነሳ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ኮፍያው ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሳታረጋግጡ ደጋግማችሁ አትለኩሱት።

የእኔን አዲሱን ቱቦ ከገጠምን ሁለት ክረምት አለፈ። ባለፈው ሚያዝያ የቲውን ክዳን ፈትቼ ጣቴን አስገባሁ። ደረቅ ነበር።