የላቲኖ ታካሚዎችን የኤምኤስ ሕክምና ውጤት ስትመዘግቡ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ የሰውነት መከላከያ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ ላቲኖዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ናቸው። መድኃኒቶቹ ምን ውጤት እንዳመጡ ከፋይላቸው እያወጣን እንመዘግባለን። ለዚህ ሥራ የሚመጡት አዳዲስ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ሐበሾችም አሉባቸው። ግን ሁሉም እነዚሁ ቦታዎች ላይ ይሳሳታሉ።

ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ በሽታው ቀላል ይመስላቸዋል

በ2013 የታተመ የደቡብ ካሊፎርኒያ ጥናት ከ100,000 ሰው በዓመት በኤምኤስ አዲስ የሚያዙትን ቆጥሯል። ከጥቁሮች 10.2፣ ከነጮች 6.9፣ ከሂስፓኒኮች (ጥናቶች ላቲኖዎችን ብዙ ጊዜ የሚጠሩበት ስም ነው) 2.9 ነበሩ። ይህ የሚነግረን ስንት ሰው እንደሚታመም ነው። የታመመው ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ አይነግረንም። ላቲኖዎችን ብዙ ጊዜ የሚጀምራቸው በለጋ ዕድሜ ነው። ዓይን ላይ መጀመሩም የተለመደ ነው። አንዲት ወጣት አንድ ዓይኗ ሲደበዝዝባትና ስታንቀሳቅሰው ሲያማት መነጽር ታዞላት ትመለሳለች። ወራት ያልፋሉ።

መድኃኒት የተቋረጠበትን ምክንያት አለመጠየቅ

በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ፋይሉ ላይ "ታካሚዋ መድኃኒት አቋርጣለች" ተብሎ ይጻፋል፣ ጉዳዩም ተዘጋ። ማን አቋረጠው? ኦክሬሊዙማብ የተባለው የኤምኤስ መድኃኒት በየስድስት ወሩ በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የኢንሹራንሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ሆቴል አልጋ እያነጠፈች የምትኖር ናት። ሥራ ስትቀይር ኢንሹራንሷ ይቋረጣል። አዲሱ ኢንሹራንስ ሲመጣ ፈቃዱ ከዜሮ ይጀመራል። ዙሩ ግን አለፈ። ታዲያ እሷ ናት ያቋረጠችው?

ፊንጎሊሞድ ወይም ናታሊዙማብ በተባሉት የኤምኤስ መድኃኒቶች ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እነዚህ ድንገት ሲቆሙ በሽታው ከቀድሞው በባሰ ኃይል ሊያገረሽ ይችላል። ከዚያ መዝጋቢው ማገርሸቱን እዚያው መድኃኒት ስም ሥር ያስገባዋል። ሠንጠረዡ ሲወጣ "መድኃኒቱ ለላቲኖዎች እምብዛም አልሠራም" ይላል። ባልወሰዱት መድኃኒት! የመጨረሻው ዶዝ መቼ እንደተሰጠ ጻፉ። ለምን እንደቆመም ጻፉ፦ ኢንሹራንስ፣ እርግዝና፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የራሷ ውሳኔ። አራቱ አንድ ላይ አይጨፈለቁም።

የመነሻውን ቀንም እንዲሁ። የአካል ጉዳቱን የምንለካው ከ0 እስከ 10 በሚሄደው ኢዲኤስኤስ በተባለ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጉዳቱ ይብሳል። 6 የደረሰ ሰው 100 ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ይፈልጋል። 2 ላይ መድኃኒት የጀመረውንና 6 ላይ የጀመረውን አወዳድሮ ልዩነቱን ከዘር ጋር ማያያዝ ትልቅ በደል ነው። ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጀመሪያው ዶዝ ስንት ወር እንደፈጀ መጀመሪያ አስሉ።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

እናትየው ስፓኒሽ ብቻ ነው የምትናገረው፤ የ11 ዓመት ልጇ አጠገቧ ተቀምጧል። ሐኪሙ ሽንት ያመልጣት እንደሆነ በልጁ በኩል ይጠይቃታል። ልጁ አንገቱን ይደፋል። እሷም ልጇን አይታ "ደህና ነኝ" ትላለች። ፋይሉ ላይ የሽንት ችግር "የለም" ተብሎ ይገባል። ሕጉም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ሕፃናትን ለማስተርጎም መጠቀም ይከለክላል። ወላጆቹን ይዞ የአሜሪካ ሐኪም ቤት የዞረ የሐበሻ ልጅ ይህን ያውቀዋል። በስልክም ቢሆን የሙያ አስተርጓሚ ፈልጉ፣ ጠብቁትም።

"ላቲኖ" ብሎ ማለፍ

ከሜክሲኮ የመጣችውና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣው የዘር ሐረጋቸው በጣም ይለያያል፤ በአንዷ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በሌላው የአፍሪካ ድርሻ ሊያመዝን ይችላል። የትውልድ አገራቸውንና አሜሪካ የገቡበትን ዕድሜ ጻፉ።

የሌላውን ጥናት እንዳለ መቅዳት

ኦክሬሊዙማብን ያስፈቀዱት ትልልቅ ጥናቶች ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ቺምስ የተባለው ጥናት ግን የሠራው በጥቁሮችና በሂስፓኒኮች ላይ ብቻ ነው፤ ኬንያንም ጨምሯል። ትልቅ እርምጃ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ሆኖም ሁሉም የወሰዱት ያንኑ መድኃኒት ስለሆነ ከሌላ መድኃኒት ይበልጣል ወይም ያንሳል ለማለት አትጥቀሱት።

ኤንኤምኦን መርሳት

ኤንኤምኦ ኤምኤስን የሚመስል ግን የተለየ በሽታ ነው። ዓይንንና ህብለ ሰረሰርን አጥብቆ የሚጎዳ ሕመም ሲያጋጥማችሁ እሱን የሚለየው የአኳፖሪን-4 የደም ምርመራ መሠራቱን አረጋግጡ። አንዳንድ የኤምኤስ መድኃኒቶች ኤንኤምኦን ያባብሳሉ።

በድንጋጤ ነው የታመምኩት የምትል ታካሚ ላይ አትሳቁ። ቤት ውስጥ ምን ዓይነት የባህል መድኃኒት እንደምትወስድ በአክብሮት ጠይቋት።

የጠፉትን እንደ ዳኑ መቁጠር

ከቀጠሮ የቀረ ሰው አላገረሸበትም ማለት አይደለም። ሌላ ሆስፒታል ተኝቶ ይሆናል፣ አገሩ ተመልሶ ይሆናል፣ ደረጃ መውጣት አቅቶት ይሆናል። ደውሉ። ቁጥሩ ካልሠራ ፋይሉ ላይ ያለውን የዘመድ ቁጥር ሞክሩ፣ በስፓኒሽ የሚያናግር ሰው ይዛችሁ። ካላገኛችሁት "አልተገኘም" ብላችሁ ጻፉ እንጂ ቦታውን በዜሮ አትሙሉት።