ለፈጣኑ የኢንስፔክተርነት ሥልጠና ከማመልከትዎ በፊት

በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ ውስጥ ማዕረግ ከኮንስታብል ወደ ሳጅን፣ ከሳጅን ወደ ኢንስፔክተር እያለ የሚወጣ ሲሆን፣ ፈጣን የሚባሉት መርሐ ግብሮች የብዙ ዓመቱን መንገድ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ያሳጥሩታል። በመጀመሪያ ማስታወቂያው የትኛውን ዓይነት እንደሚመለከት ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረውና ከውጭ የመጣን ሰው በ18 ወር ሱፐርኢንቴንደንት (ከኢንስፔክተር በላይ ያለ ማዕረግ) ያደርግ የነበረው የቀጥታ ቅበላ በ2019 አዲስ ሰው መውሰድ አቁሟል። ፖሊስ ናው የተባለው ድርጅት ይሰጠው የነበረው የሁለት ዓመት የምሩቃን ሥልጠናም «አመራር» የሚለውን ቃል ቢይዝም፣ ሠልጣኙ የሚሠራው በኮንስታብልነት ነበር። እኛ ዘንድ «ሹመት ያዳብር» ለማለት ስለምንቸኩል ይህን ልዩነት ለቤተሰብም አስቀድሞ ማስረዳት ይጠቅማል።

ገና ፖሊስ ካልሆኑና የብሪታንያ ዜግነት ከሌለዎት፣ ኢትዮጵያዊ አመልካች ገደብ የሌለው የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የማጣራቱ ሂደት ዕዳንና የቤተሰብ አባላትን ጭምር ስለሚመለከት፣ በባንክ ሂሳብዎ የሚዘዋወር የዕቁብ ገንዘብ ካለ ምንነቱን በግልጽ ለመጻፍ ይዘጋጁ።

ዋናው ጥያቄ ግን ማዕረጉን መፈለግዎ ሳይሆን ሥራውን መቻልዎ ነው። የ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ክስ ሳይመሠረትበት በጣቢያ የተያዘ ሰው ጉዳይ፣ ሰውየው በእስር እንዲቆይ ከተወሰነበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም ቢበዛ በየ9 ሰዓቱ፣ በምርመራው እጁ በሌለበት ኢንስፔክተር መታየት አለበት። እንግዲህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተጠርተው ሲመጡ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለው ሳጅን መዝገቡን ገፋ አድርጎ «ይቆይ እንጂ» ይልዎታል። እርስዎ መዝገቡን ማንበብ፣ ተጠርጣሪውን ወይም ጠበቃውን መስማትና ምክንያቱን በስምዎ መጻፍ ይጠበቅብዎታል፤ ምክንያቱ የማይበቃ ሆኖ ካገኙትም ያንኑ ሳጅን ፊት ለፊት እያዩ «አይበቃም» ማለት ይኖርብዎታል። ይህን ማሰብ ሆድዎን ባር ባር ካሰኘው ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከማመልከትዎ በፊት መፈተሽ ያለበት እሱ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። በሥራ ላይ ያሉ ኮንስታብል ከሆኑ አንድ ተረኛ ኢንስፔክተር አስፈቅደው ሙሉ የሌሊት ፈረቃ አብረው ይዋሉ፤ የወሰነውን ሁሉ እየጻፉ፣ የትኛውን ራስዎ ወስነው ምክንያቱን ማስረዳት ይችሉ እንደነበር ምልክት ያድርጉበት። ከውጭ ከሆኑ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኛ ኮንስታብሎች ሙሉ የፖሊስ ሥልጣን ስላላቸው፣ በዚያ መጀመር ከየትኛውም ገለጻ ይልቅ ያስተምራል።

የባልደረቦችን ቅሬታም ይገምቱ። የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ሎርድ ትሬንቻርድ በ1934 በሄንደን የከፈቱት የመኮንኖች ኮሌጅ ከታች ያደጉትን ፖሊሶች አስቆጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመርም በ1939 ተዘጋ። «ምን አይቶ ነው የሚያዘን?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም አልጠፋም፤ በእኔ ግምት ተገቢ ጥያቄም ነው። ገንዘቡንም ያስሉ፦ ኢንስፔክተሮች ከ1994 ጀምሮ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለማያገኙ፣ ትርፍ ሰዓት የሚያበዛ ኮንስታብል የሚያገኘው ጭማሪ ከጠበቀው ሊያንስ ይችላል።

በመጨረሻም ሥልጠናውን ያላጠናቀቀ ሰው ወደ የትኛው ማዕረግ እንደሚመለስ፣ ያጠናቀቀው ደግሞ በየትኛው ጣቢያ እንደሚመደብ ይጠይቁ፤ መልሱንም የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ይቀበሉ።