ሥራ ሲበዛባችሁ ለአለቃ ከመናገራችሁ በፊት

ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ እየኖረ ቦሌና ሜክሲኮ የሚሠራ ሰው «ሥራ በዛብኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ፣ የታክሲውን ሰልፍና ቤት የሚጠብቀውን አንድ ላይ ደባልቆ ነው። ድካሙ አንድ ላይ ስለሚመጣ አይፈረድበትም። ግን አለቃችሁ ሰልፉን አያሳጥርላችሁም፤ ሪፖርቱን ለሌላ ሰው መስጠት ግን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለዩት።

አንድ ሳምንት የሠራችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ስልክ ላይም ቢሆን። ምን ሠራችሁ? ስንት ሰዓት ፈጀ? ማን አዘዘ? «እግረ መንገድህን ይቺንም ጨርስልኝ» እየተባለ የሚመጣውን በተለይ እንዳትዘሉት፤ በሥራ መዘርዝራችሁ ላይ የሌለ ግን ቀኑን የሚበላው እሱ ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ደምሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራም ገደብ አለው፤ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወይም የሥራ መሪ ከሆናችሁ ግን ይሄ አዋጅ እናንተን አይመለከትም። ደግሞ ትርፍ ሰዓት የሚቆጠረው አለቃ ሲያዝ ነውና «ዛሬ አምሹ» ስትባሉ በቴክስት እንዲላክላችሁ ጠይቁ፣ ኋላ ክርክር እንዳይነሳ።

አለቃ ዘንድ ስትገቡ ወረቀቱን ይዛችሁ ግቡ። «ደክሞኛል» ካላችሁ «አይዞህ» ተብላችሁ ትወጣላችሁ። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የወሩ ሪፖርትና የደንበኞቹ ፋይል ሁለቱም ለዓርብ ነው የተባሉት፣ ሁለቱም አይደርሱልኝም፣ የትኛውን ላስቀድም?» ምርጫው የእሱ ይሆናል። «ሁለቱንም» ካለ የትኛው እንደሚዘገይ ያኔውኑ ጽፋችሁ ላኩለት።

መንገዱን በተመለከተ፣ መሥሪያ ቤቱ ከፈቀደ ቀደም ብሎ ገብቶ ቀደም ብሎ መውጣትን ጠይቁ። ሌላ ብዙ የሚባል የለም።

የቤቱ ሥራ ግን ማንም ስለማይቆጥረው ነው የሚያናድደኝ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሌሊት ተነስቶ በርሜልና ጀሪካን መሙላት ሥራ ነው፤ በብዙ ቤት ደግሞ ሚስት ናት የምትነሳው፣ ያውም ቀን መሥሪያ ቤት ውላ፣ ማታ ወጥ ሠርታ፣ ልጅ አስጠንታ፣ ጠዋት ደግሞ ከባሏ እኩል ለሰልፍ ወጥታ። የቤቱንም ሥራ እዚያው ዝርዝር ላይ ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉትና ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ እዩት። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚመጣ ከሆነ አንዱን እሱ ይነሳ፣ አንዱን እሷ።