የአምባሰልን ዜማ በአሮጌ ሳምፕለር እንዴት መሥራት ይቻላል?

ሳምፕለር አጭር ድምፅ ቀድቶ፣ ፓዱ (በጣት የሚመታው ቁልፍ) በተመታ ቁጥር መልሶ የሚያሰማ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ዛሬ ይህን ማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራዋል፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኢሙ ኤስፒ-1200 እና በ1988 የወጣው አካይ ኤምፒሲ60 ፈላጊያቸው አልቀነሰም። ኤስፒ-1200 በጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ነው፣ ያውም በ12 ቢት፣ ማለትም ዝቅ ባለ የድምፅ ጥራት። እንደ እኔ ተወዳጅነቱ ከዚሁ ጉድለቱ ይመነጫል፤ ቦታ ሲጠብ ሰው አዳምጦ ይመርጣል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ የሚመረጥ አይጠፋም፤ የአምባሰልና የባቲ ቅኝቶች አገራቸው ወሎ ነው።

አስቀድመው የኤሌክትሪኩን ነገር ይጨርሱ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ 120፣ ለጃፓን የተሠራ 100 ቮልት ይፈልጋል፤ የእኛ መስመር 220 ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይሰኩ። የፍሎፒ (ድምፅ የሚቀመጥበት የድሮ ዲስክ) ማንበቢያው ሞቶ ከሆነ በቦታው ፍላሽ የሚቀበል ምትክ ይገጠምለታል።

ከዚያ ብቻውን የሚጫወት ማሲንቆ ይፈልጉ። ከበሮና ኪቦርድ የተደረበበት ቀረጻ ሲቆረጥ የሌላውን ድምፅ ጭራ ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ተጫዋቹን ከፍሎ መቅረጽ ነው፤ ከካሴት ከቆረጡ ግን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት። ቀረጻውን በኮምፒውተር፣ ቃናው አብሮ እንዲቀጥን አድርገው፣ በእጥፍ ያፍጥኑትና ወደ ሳምፕለሩ ይቅዱ። ሳምፕለሩ ላይ ደግሞ በ12 ግማሽ ድምፅ (በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም በፈጠነበት ልክ) ዝቅ ያድርጉት። 10 ሰከንድ የነበረው ዜማ የ5 ሰከንድ ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ወደ ልኩ ሲመለስም ቀጫጭኑ ድምፅ ተገፎ፣ ሻካራ ሆኖ ይወጣል። መሣሪያዎ ያን ያህል ዝቅ የማይል ከሆነ በጥቂቱ ብቻ ያፍጥኑ። የአሜሪካ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች በ33 ዙር የሚሽከረከረውን ሸክላ በ45 እያጫወቱ ይቀዱ የነበረው ለዚሁ ነበር። ማሲንቆ ላይ ውጤቱ ያምራል፤ የፈረሱ ጭራ ድሮም ሻካራ ነውና።

ሲቆርጡ ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይርበትን ቦታ ይጠብቁ። መሐል ላይ ከተቆረጠ የአምባሰል ጣዕም የሆነው የድምፅ መንሸራተት አብሮ ይሞታል። ቁርጥራጮቹን በየፓዱ ካደሉ በኋላ ቤዙን ለማሲንቆው ያስማሙ እንጂ ማሲንቆውን ለቤዙ አይጎትቱ፤ ተጫዋቹ ክሩን የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ ነው እንጂ የዘመናዊ መሣሪያዎች መቃኛ ልክ ለሆነው ለ440 ኸርዝ አይደለም።

የምት ማስተካከያውን፣ ማለትም የመቱትን ወደ እኩል ክፍፍል የሚጎትተውን፣ ወደ ሦስትዮሽ ክፍፍል ይለውጡት። በአራት ለአራት እንዳለ ከተዉት ስድስት ለስምንት የሆነውን የዜማውን ምት እንዲያነክስ ያደርገዋል። እጅዎ ከታመነ ጨርሶ ያጥፉት።

በየመሐሉ ማስቀመጥን አይርሱ፤ መብራት ከሄደ የእነዚህ መሣሪያዎች ማህደረ ትውስታ ባዶውን ይቀራል። 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ በ16 ቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ሞኖ ድምፅ የሚይዘው 16 ሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ ማሲንቆውን በአንዱ፣ ከበሮውን በሌላው ያስቀምጡ፤ ቅኝቱንና ፍጥነቱንም ልጣፉ ላይ ይጻፉበት።