ባዮቻሩ ለምን አልሠራም? ከቡና ገለባና ከቆረቆንዳ ከሰል ሠርቶ ማሳ ማከም ሲቸግር

ከሰሉ ከገባ በኋላ በቆሎው ቢጫ ሆነ

ብዙ ሰው ባዮቻርን፣ ማለትም አፈር ለማከም ከተረፈ ምርት ተሠርቶ የሚቀበረውን ከሰል፣ እርግፍ አድርጎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የሚስተካከል ነው። ባዮቻር ማዳበሪያ አይደለም። በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ጎተራ ነው። ባዶውን ከቀበራችሁት መጀመሪያ ራሱን ይሞላል፤ ናይትሮጅኑን ከሰብሉ ይሻማል።

ስለዚህ ጎተራውን ሞልታችሁ ቅበሩ። ከሰሉን የባቄላ ፍሬ እስኪያክል ሰባብሩት፤ ግን አርጥባችሁ፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ ከፍግ ወይም ከኮምፖስት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉት። ከበረት የተጠራቀመ የከብት ሽንት ካለ አርከፍክፉበት። ሳይደርቅ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ጥላ ሥር ይቆይ። ሰብሉ አሁኑኑ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ዩሪያ፣ ወይም በአሥር እጥፍ ውሃ የቀጠነ ሽንት ከሥሩ ጎን ስጡት።

የማክሰያው ጉድጓድ ጭስ ብቻ ሆነ

የምታከስሉት ተረፈ ምርት ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ደቃቅ ነው። ከመፈልፈያ የሚወጣ የቡና ገለባ ብቻውን ሲከመር እሳቱን ያፍነዋል። በደንብ አድርቁት። መጀመሪያ በቆረቆንዳና በተገረዘ የቡና ቅርንጫፍ እሳቱን አንድዱ፤ ገለባውን በስሱ እየበተናችሁ ጨምሩ። ነበልባሉ ከላይ ካለ ጭሱን ራሱ ይበላዋል።

አመድ ብቻ ተረፈ

ዘግይታችኋል። የላይኛው ከሰል ነጭ አመድ ማልበስ ሲጀምር ወዲያው ቀጣዩን ንጣፍ ጨምሩበት። ጉድጓዱ ሲሞላ በብዙ ውሃ አጥፉት። ውሃ ከሌለ በአፈር ድፍን አድርጋችሁ እስኪበርድ ተዉት። ከ100 ኪሎ ደረቅ ተረፈ ምርት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ከሰል ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ከሰሉ እጅ ላይ ቅባት ይተዋል

በደንብ አልከሰለም። በጣታችሁ አሹት፤ በውሃ ብቻ ከለቀቀ ደህና ነው፣ ሳሙና ካስፈለገው ወደ እሳቱ ይመለስ።

ሁሉን አድርጌ ለውጥ የለም

አፈሩን እወቁት። በጅማ፣ በወለጋና በአዊ ዝናብ ያጠበው ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው። ፎስፈረሱ በአሉሚኒየምና በብረት ታስሮ ሥሩ አያገኘውም። በባዮቻሩ ውስጥ ያለው አመድ ኮምጣጣነቱን ስለሚያለዝብ እዚህ በጣም ይጠቅማል። ክፉኛ የኮመጠጠ ከሆነ ግን ኖራም ያስፈልጋል። በአዋሽ ተፋሰስ እንዳሉት ጨው ያጠቃቸው የመስኖ ማሳዎች ላይ ደግሞ ሊያባብስ ይችላል። አፈሩን ሳታስመረምሩ አትጀምሩ።

መጠኑም ሊያንስ ይችላል። በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ስትሉ ለአንድ ሄክታር 100 ኩንታል ከሰል ይወጣል። ለዚህ ቢያንስ 400 ኩንታል ደረቅ ተረፈ ምርት ይፈልጋል። ከየት ይመጣል? እኔ ብሆን መላውን ማሳ አልነካም። ከጓሮ እጀምራለሁ፤ በመትከያ ጉድጓድና በመስመር ብቻ ሁለት ሁለት እፍኝ አደርጋለሁ። ከሰሉ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ በየዓመቱ አንድ ጥግ መጨመር ይቻላል።

የጤፍ ጭዱን ግን አትንኩት። እሱ የከብቱ ነው፤ ከብቱ ከሌለ ፍጉም የለም።