ማክሮ የሰራው ፊልተር ያልዘገየውን ስራ "ዘግይቷል" ሲል

ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እየሰራን ነው፣ ቀይ ቡና ሳይደርስ ማለቅ አለበት፣ ስኬጁሉን በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት (የስራ መርሃ ግብር መያዣ ፕሮግራም) የምይዘው እኔ ነኝ። ሰኞ ሰኞ የዘገዩትን ስራዎች ብቻ በፊልተር (በማጣሪያ) ለይቶ የሚያወጣልኝ ማክሮ (ፕሮግራሙ ውስጥ የሚፃፍ አጭር ኮድ) አለኝ፣ እሱ ከተሳሳተ ሰው በከንቱ ይወቀሳል።

ማክሮው ኤረር 91 ብሎ መሀል ላይ ከቆመባችሁ ባዶ ረድፍ ፈልጉ። ለአይን እንዲያምር ብለን በስራዎቹ መሀል የምንተዋት ክፍት መስመር ለማክሮው ታስክ (ስራ) አይደለችም፣ ናቲንግ (ባዶ) ናት፣ ስራዎቹን ተራ በተራ የሚያየው ሉፕ ውስጥ "ናቲንግ ካልሆነ" የሚል ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ) ጨምሩ፣ ያልፋል።

ኤረር 1101 ከመጣ ደግሞ የፊልዱ (የአምዱ) ስም ወይ ማነፃፀሪያው ልክ አይደለም፣ ወይ የታስክ ፊልተር የሪሶርስ ቪው (የሰውና የእቃ ዝርዝር የሚታይበት ገፅ) ላይ ከፍታችሁ ነው። ከመገመት ማክሮ ሪከርደሩን (በእጅ የምትሰሩትን ወደ ኮድ የሚቀዳውን) አብሩና ፊልተሩን አንዴ በእጅ ስሩት፣ ትክክለኛውን አፃፃፍ ራሱ ይሰጣችኋል።

ሁለት መስፈርት ሰጥታችሁት የመጨረሻውን ብቻ ካየ፣ ሁለተኛው የፊልተርኤዲት (ፊልተሩን የሚሰራው ትእዛዝ) መስመር ላይም ክሬትንና (አዲስ ፍጠር) ኦቨርራይትኤግዚስቲንግን (ያለውን ተካ) ትሩ ብላችኋል፣ የመጀመሪያውን ደምስሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሁለቱን ከመጀመሪያው መስመር በቀር ከሌሎቹ ላይ አጥፏቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀን ነው፣ ምክንያቱም ምንም ኤረር አይሰጥም። አንድ ሰኞ የቡና ማስጫ አልጋው ዘግይቷል ተብሎ ወጣ፣ ፎርማናችን ጋር ደወልኩ፣ "ኧረ ልጄ እንጨቱ ገና አልመጣም፣ ቀኑም አልደረሰም" አለኝ፣ ከፍቼ ሳይ ጥር 5 ቀን 2018ን አንዱ 5/5/2018 ብሎ አስገብቶታል፣ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ስለሆነ ሜይ 5 ቀን 2018 ብሎ ያነበዋል፣ ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ነበር፣ ከሰባት አመት ተኩል በላይ ወደኋላ ማለት ነው!

እኔ ያደረግኩት፣ ማክሮው መጀመሪያ ፍላግ1ን (አዎ ወይ አይደለም የሚል ምልክት የሚይዝ አምድ) ከሁሉም ላይ ያጠፋል (ካልጠፋ ያለፈው ሳምንት ምልክት ይቀራል)፣ ከዛ ማለቂያ ቀኑ ያለፈና መቶ ፐርሰንት ያልሞላ ስራ ላይ ብቻ ያበራል፣ ፊልተሩ የሚያየው ፍላግ1ን ብቻ ነው። ማለቂያው ከፕሮጀክቱ መጀመሪያ የሚቀድም ካገኘ ምልክት ሳያደርግ ስሙን በሜሴጅ ቦክስ ያወጣልኛል። ኮዱ ውስጥ ቀን ስትፅፉ በዴትሲሪያል (ቀን የሚሰራ የኮድ ትእዛዝ) አመት፣ ወር፣ ቀን ብላችሁ ለያይታችሁ ስጡት። የሀበሻውን ቀን መፃፍ የሚፈልግ ሰው ቴክስት1 (የፅሁፍ አምድ) ላይ ይፃፍ፣ ስታርትና ፊኒሽን (የመጀመሪያና የማለቂያ ቀን አምዶቹን) አይንካ።